አይቆይም ያልኩት ወይን

ሮማ፣ ፒኜቶ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት የወይን ሱቅ፣ በኛ አጠራር ኤኖቴካ፣ የወይን ጠጅ ስሸጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። መሸጡንስ ማንም ይሸጠዋል፤ ደንበኞቼ የሚመጡት ለምላሴ ነው። «ይህን ቀይ ዛሬ ልክፈተው ወይስ ልጄ እስክትዳር ላቆየው?» ይሉኛል፤ እኔ ቀምሼ እፈርዳለሁ። እናቴ ይህን ሥራዬን ለቤተ ክርስቲያን ወዳጆቿ ስታስረዳ «ልጄ መጠጥ እየቀመሰች ደመወዝ ይከፍሏታል» ትላለች። በኩራት ትበለው በሐፍረት እስካሁን አልለየሁትም።

ፍርዱ ጥንቆላ የሚመስላቸው አሉ፤ ግን እንደማንኛውም ሙያ የሚለመድ ነገር ነው። መጀመሪያ ብርጭቆውን ነጭ ጨርቅ ላይ ጋደል አድርጎ የወይኑን ዳር ማየት ነው። ልጅ ወይን ዳሩ ሐምራዊ ነው፤ ዕድሜ ሲገባው ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ቀጥሎ ማሽተት፣ ከዚያ አንድ ጉንጭ አፍ ውስጥ አመላልሶ መትፋት። እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ወይኑን ነቃ አድርጎ የሚይዘውን ጎምዛዛነትና ድድን ኩምትር አድርጎ የሚያደርቀውን ጥንካሬ። እነዚህ ካሉ ይቆያል። እነሱ ጠፍተው ፍሬው ብቻ ከጣፈጠ ግን «ዛሬውኑ ጠጡት» እላለሁ።

ቅይጥ ሲሆን ጣጣው ይበዛል። አውስትራሊያኖች ሺራዝ የሚሉትን ወይን ካቤርኔ ከሚባለው ጋር መቀላቀል ይወዳሉ። ሺራዙ ሥጋ ነው፣ ካቤርኔው አጥንት። በልጅነታቸው ሁለቱም በየፊናቸው ያወራሉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ወይ ይስማማሉ፣ ወይ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ሌላው ብቻውን ይቀራል። አባቴ የዚሁ የሮማ ሰው፣ እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆኑ «ስለ ቅይጥ ለኔ አትንገሩኝ» እያልኩ በደንበኞቼ ላይ እቀልድ ነበር። ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለውን ተረት ያኔ ለራሴ አልተረትኩትም።

ታላቅ ወንድሜ ለአንድ የወይን ለቀማ ብሎ አውስትራሊያ ሄዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። አባታችን «እግሩ ሥር ጎማ አለው» ይለው ነበር። እዚያ በርሜል አጠበ፣ ቅርንጫፍ ገረዘ፣ የሰው ወይን ጨመቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሽማግሌ ባለርስት ካለው መሬት ላይ አንዷን ቁራጭ በኪራይ ሰጠው። ቁራጯ ላይ ያሉት ግንዶች በጣም ያረጁ ሺራዞች ናቸው፤ ፍሬያቸው ጥቂት፣ ጉልበታቸው ብዙ። ከነሱና ከጎረቤት ከገዛው ትንሽ ካቤርኔ የራሱን የመጀመሪያ ወይን ሠራ። የደወለልኝ ዕለት ድምፁ የመጀመሪያ ልጁ እንደተወለደለት አባት ነበር። እኔም ሱቁ ውስጥ ደንበኛ አስቁሜ ጮህኩ።

ችግሩ ሽማግሌው ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን ትንሽ የሚያፈራ ግንድ ለማንም አይጠቅምም ባይ ነው። እነዚያን አሮጌ ግንዶች ማቆየት የሚያዋጣው ወይናቸው ለዓመታት የሚቆይና በቆየ ቁጥር የሚጣፍጥ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ ሁሉንም ነቅሎ ነጭ ወይን ሊተክልበት አስቧል። «ሦስት ዓመት እታገሥሃለሁ። ሦስት ዓመት ሲሞላው እንዴት እንደሆነ ንገረኝና ያኔ እንወስናለን» አለው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ ሲጨንቀው ነው የሚስቀው።

«አሎራ፣ ስሚኝ» አለኝ። «አንድ ደርዘን እልክልሻለሁ። ካንቲናችሁ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ አስቀምጪው። በየዓመቱ አንድ አንድ ክፈቺና እውነቱን ንገሪኝ።»

«አንተ ራስህ አትቀምሰውም?»

«እኔ የት ላስቀምጠው? የምኖርበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ወይኑን ይቀቅለዋል። ደግሞ ሰው የገዛ ልጁን መልክ በትክክል አያይም።»

«መልከ ጥፉ ነው ብልህስ?»

«መቼ ሳትሰድቢኝ ኖረሽ ታውቂያለሽ? ስድብሽን ነው የምፈልገው» አለኝ።

ደርዘኑ የተላከው በነሱ ቅዝቃዜ ወቅት በአውሮፕላን ነው። እኔ ያን ጊዜ ሮማ አልነበርኩም። የኤኖቴካው ባለቤት ከጸደይ እስከ ለቀማ ድረስ ሰሜን አገር አንድ ወይን ሠሪ ዘንድ ሄጄ እንድማር ፈቅዶልኝ ነበር። ስለዚህ ዕቃው በእናቴ አድራሻ መጣ። እናቴ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ውስጥ በአንድ አሮጌ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች፤ አባቴ ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር። ከለቀማው ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ዘንድ ነው። ካርቶኑ አልጋዋ ሥር ተቀምጧል፤ በቴፕ ታሽጓል።

«የነካው የለም አይደል?» አልኳት ገና ቁጭ ሳልል።

«ማን ይነካዋል? የልጄ ዕቃ አይደለም እንዴ!» አለችኝ።

እሷን መጠራጠር ለምን ብዬ። ካርቶኑን ይዤ ወደ ሱቃችን ካንቲና ወረድኩ። ምድር ቤቱ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው፤ ክረምት ከበጋ አይለይም። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ሳስተኛቸው እያዋራኋቸው እንደነበር ትዝ ይለኛል።

የመጀመሪያውን የከፈትነው ዓመቱ ሲዞር ነው። የኤኖቴካው ባለቤት አብሮኝ ተቀመጠ። የሮማ ሽማግሌ ነው፤ ምላሱ ጥሩ፣ አፉ ክፉ። ገና ክዳኑን ሲያየው ሳቀ። የአውስትራሊያ ወይን እንደኛ ቡሽ የለውም፤ እንደ ውሃ ጠርሙስ የሚጠመዘዝ ክዳን ነው ያለው። «አውስትራሊያ! አይ ልጄ፣ ማርሜላታ ነው የሚሆነው» አለ ሳይቀምስ። ተቆጥቼ ቀዳሁ። ቀመስን። እውነትም ማርሜላታ ሸተተን። ፍሬው ትኩስ አልነበረም፤ እሳት ላይ የዋለ ፕሪም ነበር የሚመስለው። ዳሩም ላይ የጡብ ቀለም ጀምሮታል። ለወንድሜ «ገና ነው፣ አልተረጋጋም፣ እንታገሥ» አልኩት። ውስጤ ግን ቅር ብሎት ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ባሰ። ያኔ እንኳ አንድ ነገር ጠርጥሬ ነበር፤ ይህን ለራሴ መመስከር አለብኝ። የበሰለ ሽታ ያለው ወይን አንድ ቦታ ሙቀት አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ወንድሜን ደውዬ ጠየቅሁት፤ በቅዝቃዜ በአውሮፕላን መምጣቱን ማለልኝ። እናቴን ጠየቅኋት፤ «አልጋዬ ሥር አይደል ያገኘሽው!» ብላ ተቆጣችኝ። ሱቁ ውስጥ ደግሞ የባለቤቱ ድምፅ አለ፦ «ሙቀቱ አገሩ ውስጥ ነው ልጄ። እዚያ ፀሐዩ ወይኑን ገና ግንዱ ላይ እያለ ይቀቅለዋል።» በሙያችን ሰው ዘንድ እንዲህ የማይል አልነበረም። እኔም ስል ኖሬአለሁ። ሰው ደግሞ ሲናገር የኖረውን ነገር ቀምሶ ሲያገኘው እንዴት ደስ እንደሚለው!

ሦስተኛው ዓመት ላይ ፍርዱን ሰጠሁ። ሰኞ ነበር፤ ሱቁ ዝግ ነው። ብቻዬን ሆኜ ሁለት ጊዜ ቀመስኩ፣ አንድ ጊዜ እህል ሳልቀምስ፣ አንድ ጊዜ ከምሳ በኋላ። ከዚያ ደወልኩለት።

«አይቆይም» አልኩት። «በሦስት ዓመቱ ሽማግሌ ሆኗል። ሺራዙ ሥጋው አልቋል፤ ካቤርኔው አጥንቱን ይዞ ብቻውን ቆሟል። ይህን ወይን ልጅ ሳለ ነው መጠጣት። ከግንዶቹ ብዙ አትጠብቅ።»

 ስልኩ ውስጥ ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለ። «አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ አይነግረኝም ነበር።»

ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ፤ ግን ልደብቀው አልችልም፣ ኩራትም ነበረው ልቅሶዬ። ወንድሜን እንኳ ሳላዳላ ፈረድኩ አልኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፎቶ ላከልኝ። ትራክተር አሮጌዎቹን ግንዶች ነቅሎ ከምሯቸዋል፤ ሥሮቻቸው ወደ ሰማይ ናቸው። ከፎቶው ሥር ምንም አልጻፈም። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ የራሱን ወይን ሠርቶ አያውቅም። የአንድ ትልቅ ወይን ፋብሪካ የጭነት መኪና ይነዳል፤ የሰው ወይን ከሰው እርሻ ወደ ሰው ጋን ያመላልሳል። በበዓል ስንደዋወል ስለ መኪናው ያወራኛል።

ከደርዘኑ የተረፉትን ጠርሙሶች ምን ላድርጋቸው? እየከፈትኩ ሥጋ ቀቀልኩባቸው። የሚገርመው ወጡን የቀመሰ ሁሉ እጄን አመሰገነ። አንዷ ብቻ ከሌሎች ሣጥኖች ጀርባ ገብታ ኖሮ ሳትነካ ቀረች።

አሁን በቅርቡ ወንድሜ መጣ። እናታችን አርጅታለች፤ የሰው ስም ይጠፋታል፤ ወሬ ግን አይጠፋትም። «ሳልሞት ዓይንህን ልየው» ብላው ነው የመጣው። ሳምንቱን እኔ ዘንድ ፒኜቶ ሰነበተ። ቅዳሜ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ወርደን በርበሬና ኮረሪማ ገዛን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናታችን ዘንድ ምሳ ልንሠራ። እሑድ ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ሻንጣውን ከፍቶ በካልሲ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጣ። መለያው ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ አወቅሁት።

«ከየት አመጣኸው?»

«ሽማግሌው ሞተ። ልጆቹ ምድር ቤቱን ሲያጸዱ ከበርሜል ጀርባ አገኙት። ያኔ አንድ ሰጥቼው ነበር፤ ሳይጠጣው ቀርቷል። ያንተ ነው ብለው ሰጡኝ።» ሳቀ። «አብረን እንቅበረው ብዬ ነው። አንቺ ዘንድስ የቀረ የለም?»

አንዷን ከካንቲና አወጣኋት። እንዲህ ነው ሁለቱ መንትያዎች፣ አንድ ቀን ከአንድ በርሜል ታሽገው ተለያይተው የኖሩት፣ ቶር ፒኛታራ ውስጥ በእናቴ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የቆሙት።

ምሳውን በላን። እናታችን ደስ ብሏት ወንድሜን እንደ ሕፃን አጎረሰችው፤ እሱም እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ። ከዚያ መጀመሪያ የኔን ቀዳሁ። እንደማውቀው ነው፤ የሞተ ነገር አይለወጥም። ወንድሜ ጠጣና ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነበርሽ» አለኝ። ቀጥሎ የሱን ቀዳሁ።

ሳላሸተው ገና ሲቀዳ ነው የደነገጥኩት። መልኩ ጥልቅ ቀይ ነው፤ ዳሩ ላይ ዕድሜው በትንሹ ይታያል፣ በጨዋ ደንብ። ብርጭቆው የተሳሳተ መስሎኝ ተነሥቼ ሌላ አምጥቼ ገለበጥኩት። ሽታው የጥቁር እንጆሪ፣ የቆዳ፣ ትንሽም ዝናብ የነካው አፈር ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ጎምዛዛነቱ ነቅቶ ጠበቀኝ፣ ድዴን ያዘኝ፣ ከዋጥኩትም በኋላ አልሄደም። ሥጋውና አጥንቱ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ሥራዬ ነውና ሳልፈልግ በአእምሮዬ ቆጠርኩ፤ ይህ ወይን ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። ካሳለፈው ዕድሜ የቀረው ይበልጣል። 

ወንድሜ ቀመሰ። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እኔን አየኝ። እኔም ምን እንደሆነ አልገባኝም። የሽማግሌው ሚስጥር ነው? ሌላ በርሜል ነው? አፌን ልከፍት ስል እናታችን ጠርሙሶቹን አንገታቸውን ይዛ ዳበሰቻቸው። ነገር ነገርን ያነሳዋል።

«እነዚህን ልጆችማ አውቃቸዋለሁ» አለች። «ያን በጋ አብረውኝ የከረሙት አይደሉም እንዴ?»

«የት ነው የከረሙት እማዬ?» አላት ወንድሜ።

«እዚህ ነዋ! ቡፌው ውስጥ!» አለች፣ በአገጭዋ ወደ ግድግዳው እያመለከተች።

የኛ ሰው ሳሎን ያለ ቡፌ አይሆንም፤ አዲስ አበባም ይሁን ሮማ። የተከበረ ነገር ሁሉ ቦታው መስታወት ውስጥ ነው። ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች፣ ለሠርግ የመጣ ያልተከፈተ ውስኪ፣ የአባቴ የወታደርነት ፎቶ። የእናቴ ቡፌ በረንዳውን ፊት ለፊት ይዞ የቆመ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረንዳውን ተሻግሮ ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ያርፋል። ጣሪያው ላይ ሬንጅ ነው፤ ከላያችን ሌላ ፎቅ የለም። በአጎስቶ፣ በበጋው ሙቀት፣ እዚያ ሳሎን ውስጥ ሻማ እንኳ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተዋል።

«ልጄ ከዚያ ዓለም ዳርቻ በእጁ የሠራውን እንዴት አድርጌ አልጋ ሥር እቀብረዋለሁ?» አለች እናታችን። «አትክፈቺው ነው ያልከኝ፤ አልከፈትኩትም። ከካርቶኑ ብቻ አወጣኋቸው። ብርጭቆዎቹን ወዲያ አድርጌ አሥራ ሁለቱንም ደረደርኳቸው። ከሰዓት ፀሐይዋ ስትመጣባቸው ግድግዳው በሙሉ ቀይ ይሆን ነበር! የቤተ ክርስቲያን ሲስተሮቹ ሊጠይቁኝ መጥተው ‹ይኼ ሁሉ የልጅዎ ሥራ ነው?› አሉኝ። አባ እንኳ መጥተው ባርከውልኛል።»

«ታዲያ እኔ ስመጣ ለምን ካርቶን ውስጥ ነበሩ?» አልኳት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

«አንቺ ደግሞ! ያንቺን ቁጣ የማያውቅ አለ? ወይን ጨለማ ይወዳል፣ ወይን እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብለሽ ልትጮኺብኝ። ልትመጪ ሁለት ቀን ሲቀርሽ መልሼ አስተኛኋቸው።» ሳቀች፤ ልጅ ሳለሁ ስኳር ደብቃብኝ ስትያዝ የምትስቀውን ሳቅ። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «አባታችሁ ከሞተ ዓመቱ ነበር። እናንተም የላችሁም። ጠዋት ስነሣ አሥራ ሁለት ሆነው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ደህና አደራችሁ እላቸው ነበር፣ አትሳቁብኝ።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ዓይኔን ቡፌው ላይ ተክዬ ቀረሁ። እነሱ ዘንድ ሲበርድ እዚህ የበጋ እሳት ነው፤ የአውስትራሊያ ፀሐይ ነው ያልኩት የቶር ፒኛታራ ፀሐይ ነበር። ቡሽ ቢሆን ኖሮ በሙቀት ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ወይኑም በጎኑ አንጠባጥቦ ይመሰክር ነበር፤ የሚጠመዘዘው ክዳን ግን ምንም ምልክት አይተውም። ሁሉም ነገር በየዓመቱ አፌ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ስሙን ሌላ አልኩት። እሷን ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ልቆጣት ነበር። ወንድሜ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ጠንክሮ፣ እስኪያመኝ ድረስ።

«ጥሩ አድርገሻል እማዬ» አላት። «ፀሐይ እያዩ ነው የከረሙት ማለት ነው።»

«ታዲያስ! እንደ ሰው» አለች።

ከጥሩው ወይን ትንሽ ቀድቶ እጇ ላይ አስያዛት። እናታችን ወይን ብዙም አትወድም፤ የልጇ ነው ብላ ተሳለመችውና ቀመሰች። ፊቷን ቋጠር አድርጋ «ጠንከር ይላል፤ ያኛው ይሻላል፣ ለስለስ ያለ ነው» አለች። ወንድሜ ሳቀ፤ በረዥሙ፣ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። እሷም የቀለደች መስሏት አብራው ሳቀች። እኔ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ። ማጠቢያው ጋ ውሃ ከፍቼ እጄን ብቻ ውሃው ውስጥ ይዤ ቆምኩ።

ከመሄዳችን በፊት ግንባሯን ሳምናት፤ «ምነው ዛሬ ዝም አልሽ፣ አሞሻል?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኳት። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በካሲሊና መንገድ ወደ ትራሙ ወረድን። ባንግላዴሾቹ ፍሬ ሻጮች ሣጥን ያስገባሉ፣ ልጆች ኳስ ያባርራሉ፣ እሑድ ነው። ወንድሜ በመንገዱ ላይ ያሉትን ቤቶች እያሳየ ያኔ እዚህ ማን እንደነበረ፣ እዚያ ማን እንደነበረ ይነግረኛል። እንደ ጤነኛ ሰው ያወራል። ያ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ። ግንዶቹን አስቤ ነው፤ ሥሮቻቸው ወደ ሰማይ የነበሩትን። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የማንም ነጭ ወይን ቆሟል። የተነቀለ ግንድ ሰው ተሳሳትኩ ስላለ ተመልሶ አይተከልም።

«ጩህብኝ» አልኩት ማቆሚያው ላይ ስንደርስ።

«ለምን?»

«ግንዶቹን እኔ ነኝ ያስነቀልኩብህ። ስደበኝ፣ አንድ ነገር በለኝ!»

«እሷን ምን ልንላት ነው? ምንም። ታዲያ አንቺንስ ምን ልበልሽ?» አለ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ሐዲዱን ያያል።

ንዴቴ መውጫ ቢያጣ ወደሱ ዞረ፤ ጠባዬ ነው። «አንተስ ምን ነክቶህ ነው በአንድ ሰው ምላስ ሕይወትህን የምትጥለው? ለሁለተኛ ሰው ለምን አላስቀመስክም?»

«አስቀምሻለሁ እኮ» አለኝ። «ላንቺ ከመላኬ በፊት፣ እዚያው። ሁለት ታላላቅ የወይን አዋቂዎች ነበሩ። ሁለቱም ሳይነቃነቅ ረዥም ዓመት ይቆያል አሉኝ።»

«ነገርከኝ? አልነገርከኝም!»

«ብነግርሽ ምላስሽን አዛባብሽ ነበር።»

«እና እነሱ እንዲያ ካሉህ...»

«አንቺ ደግሞ አይቆይም አልሽ» አለ። «እነሱ ላገሩ እንግዳ ሰው አዝነው፣ ለትሕትና ነው ያሉኝ አልኩ። አንቺ እንደማትዋሺኝ አውቅ ነበር።»

አልዋሸሁትም ነበር። ትራሙ መጣ፤ በሩ ሲከፈት ወንድሜ እንደ ልጅነታችን ክንዴን ይዞ እኔን አስቀድሞ አሳፈረኝ።